ማሩ ለአራሷ እንጂ ለሕፃኑ አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

አራስ ለመጠየቅ የገባ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። እናትየዋ «ኬኩን ተይው፣ የልጁን ሆድ ይነፋዋል»፣ «ወተት አታብዢ፣ ያስቀምጠዋል» ትባላለች። እዚያው አጠገቧ ገና ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ከሰው ጣት ላይ ቅቤ ይልሳል፤ ሲያለቅስ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ ይሰጠዋል፤ አንዳንድ ቤትም ማር ይቀምሳል። የእናትየዋ አፍ ተዘግቶ የልጁ ተከፍቷል ማለት ነው። መሆን ያለበት የተገላቢጦሽ ነው። ማሩም፣ ወተቱም፣ ቅቤውም፣ ልኩ ከተጠበቀ ኬኩም የእናትየዋ ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ውሃም ጭምር። በአዋላጅ ነርስነትና በሥነ ምግብ ሙያ የምንሠራ ሁለት አንባቢዎቻችሁ ነን። ጉዳዩ ዝርዝር ስለሚፈልግ ደብዳቤው ረዘም ይላል።

ከስኳሩ እንጀምር። የእናት ጡት ወተት በተፈጥሮው ጣፋጭ ነው። 100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ወደ 7 ግራም የሚሆን ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ የላም ወተት 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ይህ ስኳር እናትየዋ ከበላችው ኬክ ወይም ከጠጣችው ሻይ ተሻግሮ የሚመጣ አይደለም። ጡት ራሱ በደም ውስጥ ካለው ግሉኮስ ይሠራዋል፤ ግሉኮሱ ደግሞ ከእንጀራም፣ ከገንፎም፣ ከማርም ይገኛል። ስለዚህ ጣፋጭ በበላችበት ቀንና ባልበላችበት ቀን የወተቷ ላክቶስ ያው ነው። ሕፃኑ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ በቀን በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ስለሚጠባ፣ አንድም ጣፋጭ ያልቀመሰች እናት በየቀኑ ከ50 ግራም በላይ ስኳር ሠርታ ለልጇ ትሰጣለች።

የሆድ መነፋቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሽሮ፣ ክክ ወይም ጣፋጭ የበላች እናት ሆዷ ቢነፋ፣ አየሩ የሚፈጠረው በእሷ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያልተፈጨ ምግብ ሲብላላ ነው። አየሩ እዚያው ይቀራል፤ ወደ ጡት የሚሄድበት መንገድ የለም። ከምግቧ ወደ ወተቱ ሊያልፍ የሚችለው በደሟ የሚዘዋወረው ነው፦ ጥቂት የፕሮቲን ቅንጣት፣ ካፌይን፣ አልኮል፣ አንዳንድ መድኃኒት። ይህን ልዩነት ልብ ይሏል፤ ኋላ ስለ ወተት አለርጂ ስናነሣ እንመለስበታለን።

ታዲያ «ኬክ ስተው ልጄ ዝም አለ» የሚሉ እናቶች ዋሹ? አልዋሹም። ጤነኛ ሕፃን ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ለቅሶው እየጨመረ ይሄዳል፤ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይረግባል። በስድስተኛው ሳምንት ኬክ ያቆመችም፣ ሽሮ ያቆመችም፣ ምንም ያላቆመችም ሦስተኛው ወር ላይ ልጇ ይረጋጋላታል። ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሰሞን የቆመው ምግብ ነው።

አረንጓዴ፣ አረፋ የበዛበት ሰገራ ሲታይም ጥፋቱ ከእናት ምግብ ይልቅ በአጠባቡ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ጡት ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ሕፃኑ በየተራው ቀጭኑን፣ ቅባቱ ያነሰበትን ወተት ይሞላና ቅባት ያለው የኋለኛው ይቀርበታል። ላክቶሱ በፍጥነት አንጀት ይደርስና ይብላላል። አንዱን ጡት ራሱ እስኪለቅ ማጥባት፣ ከዚያ ሌላውን ማቅረብ ነው መፍትሔው። ሕፃኑ ክብደት እየጨመረ ከሆነ ብዙ መጨነቅም አያስፈልግም።

ስኳሩ ሕፃኑን አይጎዳም ማለት ግን እናትየዋን አይጎዳም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀን ጉልበታችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይዘል ይመክራል። 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራምና 25 ግራም ነው። ማርም እዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ «ማር መድኃኒት ነው» ተብሎ አይታለፍም። እስቲ እንደምር። ጠዋት አጥሚት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ስኳር ነው። ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረባቸው ሁለት ብርጭቆ ሻይ 24 ግራም። ጠያቂ ያመጣው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራምና ከዚያ በላይ። ኬኩ ሳይነካ 70 ግራም አልፈናል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ይቀነስ ከተባለ ለስላሳው ይቀነስ፤ ከስኳር በቀር የያዘው ነገር የለም። አጥሚቱ ውስጥ ያለው ማር እህልና ወተት ያስበላል፤ ለእኛ እሱ ማር ቦታውን አግኝቷል።

የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ጉልበት ትፈልጋለች። በ100 ግራም የገብስ ዱቄት የተገነፋ ገንፎ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጋር ይህንኑ ያህል ሊሰጣት ምንም አይቀረው። የቀድሞ እናቶች ሳይለኩ ያገኙት ልክ ነው። ዛሬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የሚመጣው ጠያቂ በካርቶን የሚያመጣው የማልት መጠጥ «ጡት ያጋታል» ተብሎ ነው። ጠርሙሱን አዙሮ የስኳሩን መጠን ማንበብ ነው። ለጥማት ቢጠጣ ክፋት የለውም፤ ወተት ግን አይሠራም። ወተት የሚሠራው ልጁ ሲጠባ በሚታዘዝ ሆርሞንና ጡት ውስጥ የነበረው ሲወጣ ነው። ያልወጣ ወተት ጡቱን «በቃ» ይለዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ የጡት ጫፉ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩ ክብ ጭምር አፉ ውስጥ ገብቶ መጥባት አለበት። ወተቱ በቂ መሆኑ የሚታወቀው በጡቷ መወጠር አይደለም። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ይሸናል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት ይመልሳል፤ ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ገደማ ይጨምራል። ይህ ካለ ማልቱ ቢቀርም አይጎድልም።

አጥሚቱን ካነሣን አሠራሩንም እንበል፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው ትንሽ ነገር ላይ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተቆላ የአጃ ዱቄት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ የተፈላ ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። በፈላ ውሃ ላይ የተበተነ ዱቄት ላዩ ወዲያው ስለሚበስል ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይጓጉላል፤ ከዚያ በኋላ ቢማሰል አይፈታም። እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ እየተማሰለ ከፈላበት ሰዓት ጀምሮ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ። ቶሎ የወረደ አጥሚት ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይከብዳል። ወተቱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ከገባ ድስቱን ይይዛል፤ ያረረው ሽታም መላውን ያበላሸዋል። ማሩ ከወረደ በኋላ ይጨመር፤ እሳት ላይ መዓዛው ይጠፋል። ሌሊት ማጥባት ለሚያስርባት እናት ደግሞ በሶ የሚያክል የለም፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጦ ጥቂት ማር ጠብ ማድረግ ብቻ ነው፤ ማንንም አይቀሰቅስም።

አብሽ ጡት ያጋታል የሚለው ሰፊ እምነት ማስረጃው ደካማ ነው፤ ሆኖም ለሚስማማት እናት ምግብ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጥቂት ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ላይ የቀረው መራራ ውሃ ይደፋል፤ እንደገና ይዘፈዘፋል። ምሬቱ ሲለቅ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታና በማር ይጠጣል። ላቧና ሽንቷ ቢሸት አትደንግጥ፣ የአብሹ ነው። የደም ስኳር ስለሚያወርድ ግን የስኳር መድኃኒት የምትወስድ፣ ደምን ሊያቀጥን ስለሚችልም የደም ማቅጠኛ የምትወስድ እናት ሐኪሟን ሳታማክር እንዳትጀምር። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለባትም አትንካው፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ወደ ወተቱ እንምጣ። ለምታጠባ እናት የወተት አደጋ ወተትነቱ ሳይሆን ጥሬነቱ ነው። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስን፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችንም ያመጣል። ብሩሴሎሲስ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለው ብዙ ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ እየተባለ ይታከማል። በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ የተላለፈበት አጋጣሚም፣ ጥቂት ቢሆን፣ ተመዝግቧል። «የራሳችን ላም ናት፣ ጤነኛ ናት» ማለት አይበቃም፤ በሽታው ያለባት ላም ታማ ላትታይ ትችላለች። ያስወረደች ላም ካለች ጥርጣሬው መጠናከር አለበት።

አፈላሉም ወግ አለው። ወተቱ ሲሞቅ ስልባቦቱ ከላይ ተጋግሮ እንፋሎቱን ያፍናል፤ አረፋው ድንገት የሚገነፍለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አረፋው ብቅ ሲል ነጥቆ ያወርደዋል። ሳይማሰል የቆየ ወተት ግን ሙቀቱ ወጥ ስላልሆነ ይህ አያስተማምንም። ከመጀመሪያው እያማሰሉ ማሞቅ፣ ሲነሣ እሳቱን ቀንሶ እየተንፈቀፈቀ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ከድኖ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። ከዚያ በላይ ማንተክተክ ትርፍ የለውም። የሚበላሸው ከፈላ በኋላ ነው፤ ጥሬው ወደ ነበረበት ጀሪካን ይመለሳል፣ ወይም ትንሽ ጥሬ «ይሙላ» ተብሎ ይጨመርበታል። በወይራ የታጠነ ዕቃ ሽታው ልዩ ነው፣ ጀርምም ይቀንሳል፤ ማፍላትን ግን አይተካም። የላስቲኩ ፓስቸራይዝድ (በፋብሪካ ሞቆ ጀርሙ የተገደለ) ወተት ከፍሪጅ ካልወጣ መፈላት አያስፈልገውም። መብራት ጠፍቶ ውሎ ከሆነ፣ ወይም ሱቁ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከታየ ግን እሱም ይፈላ። ከሸተተ ወይም ከቋጠረ ይደፋ።

«የተፈላ ወተት አይረጋም» ይባላል፤ እውነትም ነው፣ ግን መፍትሔ አለው። ወተቱን የሚያረጋው በጥሬው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው፤ ሲፈላ ይሞታል። ስለዚህ የፈላ ወተት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከመርጋት ይልቅ ይበላሻል፣ መራራም ይሆናል። ከውጭ እርሾ ማስገባት ነው። አንድ ሊትር ወተት አፍልቶ፣ ጣት ችሎ እስኪቆይበት ማብረድ (43 ዲግሪ ገደማ)፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራ እርጎ በጥቂቱ ወተት አሟሙቶ መቀላቀል፣ ጠቅልሎ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረጋል። በጣም ትኩስ ወተት ላይ ከገባ እርሾው ይሞታል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሥራ አይጀምርም። መሃል ላይ መነካካትም ውሃ ያስተፋዋል።

አይብ ላይ ሰዎች ይዘናጋሉ፤ «አሬራው ተሙቋል» ይላሉ። አሬራው እስኪቋጥር ብቻ በለስላሳ እሳት የሚሞቅ ከሆነ፣ የመጣውም ከጥሬ ወተት ከሆነ፣ ሙቀቱ በቂ ላይሆን ይችላል፤ አጓቱን ለማጥለል በእጅ ሲነካካም ሌላ ጀርም ይገባበታል። ከገበያ የተገዛ አይብ ለአራስ ከመቅረቡ በፊት በድስት እያገላበጡ እንፋሎት እስኪወጣው ማሞቅ ይበጃል። ይደርቃል፤ በጥቂት የተነጠረ ቅቤ ይለሰልሳል። ቅቤ በሚገባ ከተነጠረ ችግር የለበትም፤ ለጋው ግን ጥሬ ወተት ነው፣ እንደዚያው ይታይ።

ማፍላት የማይፈታው አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚመረት ወተት ላይ በተደረገ ጥናት አፍላቶክሲን ተገኝቷል፤ ዋና ምንጩም ለላሞች የሚሰጠው የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። ይህ የሻጋታ መርዝ በሙቀት አይጠፋም። ወተት እንዲቀር የሚያደርግ አይደለም፤ ወተት በቤት የሚያቀርብላችሁን ሰው ፋጉሎውን ደረቅ ቦታ ማስቀመጡን መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

ምን ያህል ወተት? በቀን ሁለት ብርጭቆ ገደማ፣ ወይም በዚያው ልክ እርጎ፣ በቂ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ወተት ወደ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ የምታጠባ አዋቂ ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 1,000 ሚሊ ግራም ነው፣ ከ19 ዓመት በታች ከሆነች 1,300። ብትጎድል ወተቷ አይጎድልም፤ ሰውነቷ ከአጥንቷ እየቆረሰ ይሰጣል። ጡት ስታስጥል አብዛኛው ይመለሳል። አንድ ጥንቃቄ፦ ከወሊድ በኋላ የብረት እንክብል የታዘዘላት እናት በወተት ወይም በቡና እንዳትውጠው፤ ሁለቱም ብረቱን ያስቀሩታል። በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትውሰድ፣ ወተቱን ከሁለት ሰዓት በኋላ ትጠጣ።

አሁን ብዙ የሚምታታው ላይ ደረስን። ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚጮህና የሚያስቀምጣቸው እናቶች አሉ፤ በእኛ አገር ጥቂት አይደሉም። ይህ የእናትየዋ ጉዳይ ነው። ላክቶስን የሚፈጨው ኢንዛይም ከልጅነት በኋላ ስለቀነሰባት ነው። ወደ ልጇ አይተላለፍም፤ የሷ ጡት ወተት በላክቶስ የተሞላ ነው፣ ልጁም የሚፈጭበት አቅም ይዞ ተወልዷል። እሷ ወተቱን በግማሽ ብርጭቆ ከምግብ ጋር፣ ወይም በእርጎና በአይብ መልክ ትሞክረው፤ በመርጋቱ ላክቶሱ ይቀንሳል፣ ቅቤ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል።

የልጁ ጉዳይ የሚሆነው የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው፤ በጡት ብቻ በሚያድጉ ሕፃናት ላይ ብዙ አይታይም። ከእናትየዋ ምግብ ቤታ ላክቶግሎቡሊን የተባለው የወተት ፕሮቲን በጣም በጥቂቱ ወደ ጡቷ ወተት ያልፋል፤ ለአንዳንድ ሕፃን ያ ጥቂት ይበዛበታል። ምልክቱ ዝም ብሎ ማልቀስ አይደለም። በሰገራው ላይ የደም ጭረት ወይም ንፍጥ፣ የማይለቅ ችፌ፣ ደጋግሞ ማስታወክ፣ ክብደት አለመጨመር ነው። ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ከተቸገረ ሙከራ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሙከራው በሐኪም ምክር ይደረጋል። እናትየዋ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ አጓት፣ የዱቄት ወተት፣ ቅቤ፣ ወተት ያለበት ብስኩት፣ ኬክና ቸኮሌት ሁሉ ታቆማለች። «ሻይ ላይ ጠብታ ብቻ» ሙከራውን ያፈርሰዋል። በፍየል ወተት መተካትም ከንቱ ነው፤ ፕሮቲኑ ይመሳሰላል። ከተሻለው ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይቀጥላል፦ ወተቱን መመለስ። በቀን አንድ ብርጭቆ ለአንድ ሳምንት። ምልክቱ ተመልሶ ከመጣ አለርጂው ተረጋግጧል፤ ካልመጣ ጥፋቱ ወተቱ አልነበረም፣ እንደ ቀድሞዋ ትብላ። ይህ ስለሚቀር ነው ያለ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ወተት የምትከለከል እናት የምትኖረው። የተረጋገጠባት ደግሞ በሰሊጥ፣ በጎመን፣ በጤፍ እንጀራ ትካስ፣ ካልሲየም በእንክብል ያስፈልጋት እንደሆነም ትጠይቅ። ልጁ ዓመት ሲቃረብ ድጋሚ ይፈተሻል፤ አብዛኞቹ እያደጉ ይተዉታል።

ጾምን በተመለከተ ሙያችን የሚፈቅድልንን ብቻ እንላለን። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተትም ቅቤም የለም። የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ፈቃድ የሚያገኙ ብዙዎች ሳይጠይቁ ይጾማሉ። የጾመች እንደሆነ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ጎመን፣ ምስር በብዛት ትመገብ፤ እስከ ከሰዓት ያለ ምግብና ያለ ውሃ መቆየቱ ከወተቱ መቅረት የበለጠ ያደክማታል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 በ55 ቀን አያልቅም፤ ከጾሙ ውጭም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እምብዛም የማታገኝ ከሆነች ግን ልጇም ይጎዳልና እንክብል ያስፈልጋታል። በረመዳን ለምታጠባ እናት አፍጥራ ቀኑን ኋላ መመለስ የተፈቀደ ነው። ስታፈጥር ቴምሩ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ሙሸበኩ ግን ከእራት በኋላ አንድ ቁራጭ ይበቃዋል።

ቡናና ቸኮሌት በአጭሩ። ካፌይን ወደ ወተቱ ያልፋል፤ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ካልበለጠ አብዛኞቹን ሕፃናት አይረብሽም። ገና የተወለደ ልጅ ግን ግማሹን ከሰውነቱ ለማስወጣት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቦሉ ላይ ማቆም ይሻላል። 50 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ያለው ካፌይን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ነው።

ጣፋጭ መጠጥ ከተባለ ጠጅና ብርዝም አሉ። አልኮል በደሟ ባለበት መጠን በወተቷም አለ፤ ከተጠጣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ የወተቱንም መውረድ ይቀንሳል። ለአንድ መለኪያ ከሁለት ሰዓት በላይ መጠበቅ ያሻል፤ አንድ ሙሉ ብርሌ ጠጅ ከአንድ መለኪያ ስለሚበልጥ ጥበቃው ይረዝማል። ወተቱን አልቦ መድፋት ጊዜውን አያሳጥርም። ብርዝ ትኩስ ከሆነ ማርና ውሃ ነው፤ አድሮ አረፋ እያወጣ የተገኘ ብርዝ ግን ወደ ጠጅ ጉዞ ጀምሯል።

በእርግዝና ጊዜ የደም ስኳሯ ከፍ ብሎ የነበረ እናት ማጥባቷ ይጠቅማታል። ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳሯን መመርመር አለባት፤ ብዙዎች ልጁን ሊያስከትቡ ሲመጡ የራሳቸውን ይረሳሉ። ኢንሱሊን የምትወጋ ደግሞ ስታጠባ ስኳሯ ሊወርድባት ስለሚችል ከጎኗ ማር ወይም ስኳር ይኑር። ላብ ላብ ካላት፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትጠጣ፣ ከዚያ ምግብ ትብላ። ለእሷ ጣፋጩ መድኃኒት ነው።

ወደ ሕፃኑ አፍ እንመለስ። ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚዋጠው «ጉሮሮውን ያለሰልሳል» ተብሎ ነው። ቅቤው በትንታ ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል፤ ጥሬ ከሆነ ጀርሙን ይዞ ይገባል፤ ትንሿን ሆዱን ሞልቶም እንገሩን ያስቀረዋል። ቢጫው ወፍራም እንገር በመጀመሪያው ሰዓት መጥባት ያለበት እንጂ «ቆሽሿል» ተብሎ የሚታለብ አይደለም። የስኳር ውሃም ያጠግበውና የመጥባት ፍላጎቱን ይቀንሳል፤ የጡቱም ምርት በዚያው ይወርዳል። የላም ወተት ዓመት ሳይሞላው እንደ ዋና መጠጥ አይሰጥም፤ ፕሮቲኑና ጨው ነክ ማዕድኑ ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ ብረቱ እጅግ ጥቂት ነው፣ አንጀቱንም እያደማ ደም ያሳንሰዋል። ጣፋጩ የቆርቆሮ ወተትማ ጨርሶ አይታሰብ።

ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው በምንም መልኩ፣ በላንቃ ላይ ማስነካትም ሆነ አጥሚት ውስጥ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር የአዋቂ አንጀት ያሸንፈዋል፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ፣ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ያመነጫል። ሰገራ ይደርቅበታል፣ ለቅሶው ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ አንገቱና እግሩ ይዝለፈለፋል። ይህ ከታየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ማሩን ማሞቅ ወይም ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። እናትየዋ የበላችው ማር ግን ይህን ዘር ወደ ወተቷ አያሳልፈውም፤ ያለ ስጋት ትብላ። አንድ የሚረሳ ቀዳዳ አለ፦ የተሰነጠቀ የጡት ጫፍ ላይ ማር የሚቀቡ አሉ። ልጁ በቀጥታ ይልሰዋል። በምትኩ ካጠባች በኋላ ጥቂት የራሷን ወተት ቀብታ በአየር ታድርቀው፤ ስንጥቁ ከቀጠለም አያያዙን ታሳይ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጫፉን ብቻ መጥባቱ ነው።

የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የአራስ ምግብ አሠራር፣ አጥሚትም ይሁን ገንፎ፣ ስታትሙ ከሥሩ «ማር አለበት፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ወተት በሚገባበትም ላይ «የተፈላ» የምትለዋ ቃል አትውደቅ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስና አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ